«ጭስ ይብቃ» የተሸጠ ሰሞን

ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አለፍ ብሎ ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ሰው ሲሞት፣ ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ ከቤቷ የምትወጣ ሴት አለች። ዋጋነሽ ትባላለች። ሟቹ ዘመዷ ይሁን ባዳ፣ በሕይወቱ ሳለ ሰላምታ ይስጣት አይስጣት፣ ለእሷ ለውጥ የለውም። የዕድሩ ማድቤት ኃላፊ ናት። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ የሚቀምሰው ነገር መኖር አለበት። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ያወጣሉ፣ ከዚያ ጥግ ይዘው ካርታ ይበውዛሉ። ሴቶቹ ማድቤት ይገባሉ። ገብተው እስከ ሦስተኛው ቀን አይወጡም ቢባል ማጋነን አይደለም።

ማድቤት ከተባለ ነው እንግዲህ። ከዕድሩ አዳራሽ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ጎጆ ነገር ነው። አንድ መስኮት ነበረው። የጎን ጎረቤት ፎቅ ሲጀምር ግንቡን አስጠግቶ ደፈነው፤ ዕድሩም «ለአንድ መስኮት ብለን ከሰው አንጣላም» ብሎ አለፈው። የሚጨሰው ሴት ስለሆነ ነዋ። ወንዶች ካርታ የሚጫወቱበት ክፍል መስኮት ቢደፈን ኖሮ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

ውስጡ ግራና ቀኝ ጉልቻ ተጎልቷል። በቀኝ የክርስቲያኑ ድስት ይጣዳል፣ በግራ የሙስሊሙ። እንዳይቀላቀሉ የሙስሊሞቹ ድስት እጀታ ላይ ሽቦ ታስሮበታል። ግራውን የምትመራው ሃፊዛ ናት፤ ከዋጋነሽ ጋር ዕድሜያቸውን እኩል በዚያ ጎጆ ያቃጠሉ ጓደኛሞች ናቸው። «ድስቱ ሁለት ነው፣ ጭሱ ግን ሃይማኖት የለውም» ትላለች ሃፊዛ፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የክረምት ለቅሶ ነው። ፍልጡ ዝናብ ጠጥቶ አልነድ አለ። ሃፊዛ ስትስል ስትስል ደረቷን ይዛ ወጣችና ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለች። ዋጋነሽ ተከትላት ወጣች፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል፣ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ከሩቅ የመጣ አንድ ለቀስተኛ አያትና ጠጋ አለ።

«እግዜር ያጥናሽ እናቴ። ሟቹ ምንሽ ነበሩ?»

«ምኔም አይደሉም።»

«እ?»

«ሰውየውን በዓይኔም አይቻቸው አላውቅም። እኔ የማለቅሰው ለእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ያውልህ እዚያ ተጋድሟል፣ ከፈለግህ ሄደህ አልቅስለት። እናንተ ድንኳን ውስጥ ለሞተ ሰው ታለቅሳላችሁ፣ እኛ እዚህ ለምንሞተው ለራሳችን እናለቅሳለን።»

ይህን ኢሊሊ በስልኳ ቀዳችው።

ኢሊሊ የዋጋነሽ የግድግዳ ጎረቤት ናት። በዕድሜ ታንሳታለች። ወደ ታክሲ ፌርማታው መውጫ ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። ዋጋነሽ ገበያ ስትሄድ የቤቷን ቁልፍ የምትሰጠው ለኢሊሊ ነው፤ ኢሊሊም ልጆቿን ለዋጋነሽ ትታ ሱቋ ትውላለች። አንዷ ቤት የተቆረሰ ዳቦ ሌላዋ ቤት ሳይደርስ አይቀዘቅዝም። ቪዲዮውን ኢሊሊ ለሳቅ ብላ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ሱቋ ስትደርስ ስልኳ አላስቀምጥ አላት። አገር ምድሩ አይቶታል። የሳቀ ስቋል፤ ግን ከሳቁ በታች ከየከተማው ሴቶች «የኛም ማድቤት ይኸው ነው» እያሉ ይጽፋሉ። ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ የጠቆረ ግድግዳቸውን ፎቶ እያነሡ ይልካሉ።

«ዋግሽዬ፣ ይሄ ነገር ቻናል ይፈልጋል» አለች ኢሊሊ።

«ቻናል ምን ያደርግልኛል? እኔ ቴሌቪዥን ነኝ?»

«ቴሌግራም ላይ ነዋ። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እለቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር ካለ እኮ ሰሚ አያጣም።»

የዋጋነሽ ስልክ ያኔ ባለቁልፉ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረው ነበር። ስለዚህ ቻናሉ በኢሊሊ ቁጥር ተከፈተ። ስሙን ያወጣችው ዋጋነሽ ናት፤ «ጭስ ይብቃ» ተባለ።

«ፓስወርዱን የት እናስቀምጠው?»

«ፓስወርድ ምንድን ነው?»

«ቁልፉ በይው።»

«ታዲያ አንቺ ጋ ይሁና። ቁልፌ ሁሉ አንቺ ጋ አይደል ወይ?»

ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። እስቲ በዚያ ሰፈር ቁልፉን ጎረቤቱ ጋ ሳያስቀምጥ የኖረ ሰው ይምጣና ይፍረድባት። ቆይቶ ዋጋነሽ ደህና ስልክ ስትይዝ ኢሊሊ ራሷ «አሁን በስምሽ እናዙረው?» ብላ ነበር። ዋጋነሽ ቅር አላት። «ምነው፣ ሰለቸሁሽ?» አለቻት። ከጎረቤት ቁልፍ መቀበል መጣላት ማለት ነው፤ ሳይጣሉ ማን ይቀበላል? በዚያው ቀረ።

ዋጋነሽ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም፣ አፏ ግን ማርም ሬትም ያውቃል። ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣ ኢሊሊ ስልኳን ትደግናለች፣ ከዚያ ያዝ እንግዲህ ነው። «ለግድባችን ቦንድ ገዝተናል። ያኔ ማንም ‹ይሄ ሴት አይመለከታትም› አላለንም። መብራቱ መምጣት ሲጀምር እኛ ማድቤት ጋ ሲደርስ ለምንድን ነው መንገድ የሚጠፋው?» ትላለች። «የሰፈሩ ጎረምሳ የሚጫወትበት ፑል ቤት በኤሌክትሪክ ተንቆጥቁጧል። ለሺህ ለቀስተኛ የሚበስልበት ጎጆ ግን ኩራዝ አያውቅም።» ደግሞ አልቆ በማያልቅ አንድ ጥያቄ ይወጥሯት ነበር፤ መብራት ሲጠፋስ? የጠየቃት ሁሉ የመጀመሪያው ጠያቂ የሆነ ይመስለዋል። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ መለሰችላቸው፦

«መብራት ሲጠፋስ? ይሉኛል። ሲጠፋማ ውጭ፣ ሜዳ ላይ፣ አየር ባለበት አንድ ጉልቻ ጎልተን እናበስላለን። መብራት ለሚጠፋበት ለአንድ ቀን ብዬ መብራት ባለበት ቀን ሁሉ ልጨስ እንዴ? ይዘንባል ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚዞር ሰው አይታችኋል?»

ይህቺ ቪዲዮ ከሁሉ በላይ ታየች። ቻናሉ አርባ ሺህ ሰው ሞላ። ሳንሱሲ ያለ አንድ ዕድር እሷኑ ሰምቶ የእንጨት ጉልቻውን አፍርሶ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባ፤ ዋጋነሽና ሃፊዛ ሄደው ጎበኙት። ሃፊዛ ምድጃውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከዚያ ግድግዳውን ዳበሰች፣ መዳፏን አገላብጣ አየችውና «ነጭ ነው እኮ» አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩን የያዘችው ኢሊሊ ናት። ስልክ የያዘ እጅ ደግሞ በቪዲዮ አይታይም። ሰው «እናታችን» እያለ ሲጽፍ ለዋጋነሽ ነው፤ ሌሊት ተቀምጦ ለዚያ ሁሉ ሰው መልስ የሚጽፈው ኢሊሊ ናት። አንዴ የኢንተርኔት ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘው መጡ። ዋጋነሽን ፀሐይ ላይ አቆሟት፣ ነጠላዋን አስተካከሉላት፣ ከዚያ አንዱ ወደ ኢሊሊ ዞሮ «እህት፣ ትንሽ ገለል በይልን፣ ጥላሽ ገባብን» አላት። ኢሊሊ ሳቀችና ገለል አለች። ዋጋነሽም አብራ ሳቀች። ያኔ የሳቀችው ሳቅ ኋላ ብዙ ጊዜ ትዝ ብሏታል።

አንድ የረድኤት ድርጅት ቻናሉን አይቶ መጣ። ምድጃዎቹንም፣ ትልቁን የኤሌክትሪክ መስመርም፣ ለድንኳኑ መብራት የሚሆን ሶላርም እንዘረጋለን አለ። ዕድሩ ምንም አያወጣም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ በድምፅ ይቀበለው። «ጉባኤው እሺ ካለ ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሳለን። ካላለ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን» አሉ። ዋጋነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወስድ አላት። በየቤቱ ዞራ ለመነች። ማድቤት አብረዋት የሚገቡ ሴቶች ሁሉ «አንቺ ብቻ ተናገሪ፣ እኛ ከጀርባሽ ነን» አሏት። ጉባኤው ለእሑድ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃፊዛ ዋጋነሽ ግቢ ዘላ ገባች።

«ዋጌ፣ ጀነሬተር መነገድ ጀመርሽ እንዴ?»

«ምን?»

«ይኸው። እኔን ደብቀሽ።» ሃፊዛ ልትቀልድ ብላ ነበር፤ የዋጋነሽን ፊት ስታይ ግን ስልኩን አስጠጋችላት።

ቻናሉ ያው ነው፣ ሰዉም ያው አርባ ሺህ ነው። ስሙ ግን «ጭስ ይብቃ» መሆኑ ቀርቶ «አስተማማኝ ጀነሬተር ገበያ» ሆኗል። የዋጋነሽ ፎቶ በነበረበት ቢጫ የናፍጣ ጀነሬተር ተቀምጧል። ከላይ አንድ ቪዲዮ ተሰቅሏል። ሃፊዛ ከፈተችው። ዋጋነሽ ማድቤቷ ደጃፍ ላይ ወገቧን ይዛ ብቅ አለችና «መብራት ሲጠፋስ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ተቆረጠች። የወንድ ድምፅ ቀጠለ፦ «መልሱ እኛ ጋ ነው። አስተማማኝ ጀነሬተር። ዛሬውኑ ይደውሉ።»

ዋጋነሽ ደግማ አላየችውም። ጫማዋን ሳታስተካክል ወደ ኢሊሊ ሱቅ ሮጠች። ዝግ ነው። ደወለች፣ አይነሣም። ቤቷ ተመልሳ የኢሊሊን በር መታች። ልጆቹ «እማዬ ሱቅ ናት» አሉ። እስከ ማታ «እማዬ ሱቅ ናት» እንዳሉ ዋሉ። የተሰረቀ ስልክ፣ የተጠለፈ አካውንት ብላ ራሷን ልትሸነግል ሞከረች። ለኢሊሊ ፈራችላት እንጂ ኢሊሊን አልጠረጠረቻትም። እስከ ማምሻው ድረስ እንኳ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ምን ሆና ይሆን ይቺ ልጅ» ስትል ነበር።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ባጫ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ነገር ሲናገሩ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ፍሬን ይዘው የሚናገሩ። ምድጃውን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። «ማድቤት ጭስ ከሌለው የሰው ቤት አይመስልም» ይሉ ነበር። ዛሬ ግን መከራከር አላስፈለጋቸውም። ስልካቸውን አወጡ፣ ማይክሮፎኑ ላይ አስጠጉት።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ የዋጋነሽ ድምፅ፣ አዳራሹን ሞልቶ። «መልሱ እኛ ጋ ነው። አስተማማኝ ጀነሬተር።»

ሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ «ለካስ ጭስ ይብቃ ያለችው ከጉልቻው ወደ ጀነሬተሩ ልታዞርልን ነው» አለ። ሌላው «ኮሚሽኗን እኛም እንቅመስ እንጂ» አለ።

«ዝም በሉ» አሉ አቶ ባጫ፣ እየተደሰቱ። «ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ መልስ አለዎት?»

ዋጋነሽ ተነሣች። 

«ቆርጠውታል። መልሴ ከኋላ ነበር፤ መልሴን ጥለው ጥያቄዬን ብቻ ወሰዱ። ሁላችሁም ሙሉውን ሰምታችሁታል። ጀነሬተር የምትሸጥ ሴት በዚህ ዕድሜዋ አመድ ስትነፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ቻናሉ የማን ነው?»

«የሁላችን ነው።»

«በማን ቁጥር ነው የተከፈተው ማለቴ ነው።»

ዋጋነሽ ሴቶቹን በዓይኗ ቃኘች። ያኔ ነው ከሴቶቹ መሐል፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ሴት ያየችው።

«ኢሊሊ» አለች ቀስ ብላ። «ተነሺና ንገሪያቸው። ሰርቀውኝ ነው በያቸው።»

ኢሊሊ ተነሣች። ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

«አልተሰረቅኩም። ሸጥኩት።»

ዋጋነሽ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደች።

«ምን አልሽ?»

«በቁጥሬ የተከፈተ ነው። የሸጥኩት የራሴን ነው። ቻናል ይሸጣል፣ ሁሉም ይሸጣል። ወይዘሮ ዋጋነሽ ምንም አታውቅም፣ እሱን ጉባኤው ይያዝልኝ።»

ወይዘሮ ዋጋነሽ አለቻት። ዋግሽዬ ስትል የኖረች አፍ።

«ድምፄስ?» አለች ዋጋነሽ። «ድምፄም የአንቺ ነበር?»

«ድምፅሽን ማን ወሰደብሽ? ይኸው እየተናገርሽ አይደል?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ፈረስ ግን ጥሎህ ሲያበቃ ጉባኤ ፊት ቆሞ አይከራከርህም።

ኢሊሊ እውነቱን ስለተናገረች ነገሩ ይቃናል ያለ ካለ ተሳስቷል። ሰዉ ስለ ምድጃው መጠየቁን ተወ፤ አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ቻናሉ ሆነ። ማን ገዛው፣ ሁለቱ ተካፍለውት ይሆን፣ ድርጅቱስ ያው ጀነሬተር ሻጩ ይሆን እንዴ። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን ቆረቆሩ። ጋሽ ፀሐዬ ናቸው፤ የዕድሩ አንጋፋ አባል፣ ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ።

«ቻናል የሚባለውን አላውቅም» አሉ። «የማውቀው ባለቤቴ ከዚያ ማድቤት ስትወጣ ስትስል እንደነበር ነው። እየሳለች ሞተች። ምድጃው በነጻ ከመጣ ስለ ሌላው ምን ያነታርከናል?» ብለው ድምፅ መስጠት ሳይጀመር እጃቸውን አነሡና ከዚያ አላወረዱትም።

አቶ ባጫ ድምፅ አስቆጠሩ። «ምድጃው ይምጣ የምትሉ።»

ጋሽ ፀሐዬ እጃቸው እንደተነሣ ነው። ዋጋነሽ አነሣች። ሃፊዛ አነሣች፣ ከፍ አድርጋ፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ እስኪወርድ። ከወንዶቹ ጥቂቶች አነሡ። ዋጋነሽ ወደ ማድቤት ጓደኞቿ ዞረች። «ከጀርባሽ ነን» ያሏት ሁሉ አሉ፣ አንዳቸውም አልቀሩም። እጃቸው ነጠላ ውስጥ ነው። አንዷ ባሏን ታያለች፣ አንዷ ጣሪያውን ታያለች፣ አንዷ ልጇን ታጠባለች። ቪዲዮዎቹን ሁሉ ላይክ ያደረጉ ናቸው እነዚህ። ልብም አበባም የሚያለቅስ ፊትም የላኩ። አውራ ጣት ማንሣት ቀላል ነው፤ ማንም ማን እንዳነሣው አያይም። ባል እያየ፣ አቶ ባጫ እያዩ፣ መላ ክንድን ማንሣት ነው የከበደው። ኢሊሊ ሸጠች፣ እሺ፣ ኢሊሊ አንዲት ሴት ናት። እነዚህስ? እነዚህ ምን ሊገዙበት ነው ዝም ያሉት?

ሐሳቡ ወደቀ። ድርጅቱ ሌላ ሰፈር ይሂድ ተባለ።

«እንግዲያው» አለች ዋጋነሽ፣ ሰው መበተን ሲጀምር፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማድቤቱ ውስጥ የለሁም።»

«ቁጣ ነው፣ ይበርዳል» አሉ አቶ ባጫ፣ በደግነት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ላይ ኢሊሊ ከኋላዋ ደረሰችባት። ሁለቱንም የሚወስደው መንገድ ያው አንድ ስለሆነ የግድ ነው። ለትንሽ ጊዜ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ሄዱ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች ዋጋነሽ።

«ምን ብዬ?»

«ልሸጠው ነው ብለሽ።»

«አትሽጪ ትይኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ለዚያ ነዋ።» ኢሊሊ ጥቂት ሄደች። «ስንት ዓመት ያንቺን ፊት ሳበራ የኔን ማን አየው ዋግሽዬ? አንቺን እናታችን ይሉሻል። እኔን አድሚን ይሉኛል። ‹አድሚን የት ጠፋህ› ይለኛል፣ ሴት መሆኔን እንኳን አያውቅም። አርባ ሺህ ሰው አንድ አምፖል አበራልሽ? ቁጥር ነው እኮ። ቁጥሩን የሚፈልግ መጣ፣ ሰጠሁት።»

«መልሴን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«እነሱ ናቸው የቆረጡት። እኔ የሰጠኋቸው ሙሉውን ነው።»

ይህን ስትል ጥፋቷን ያቃለለች መስሏት ነበር። ዋጋነሽ ቆመችና አየቻት።  ኢሊሊ ቀድማት ሄዳ በሯን ዘጋች። ዋጋነሽ የራሷን በር ከፈተች። በግድግዳው በኩል የኢሊሊ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማታል፤ ወትሮ በዚህ ሰዓት እሷ ቤት ነበሩ።

ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ጠዋት፣ ጡሩምባው ተነፋ። ጋሽ ፀሐዬ።

ዋጋነሽ ሻሿን አሰረች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወጣች። እግሯ ልምዱን ይዞ ወደ አዳራሹ ጀርባ ሊወስዳት አለ፤ መለሰችው። ቀጥ ብላ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ ከለቀስተኛው መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሰፈር ለስንቱ ሰው ቀብር አብስላለች፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ግን አታውቅም። መቀመጡ ከበዳት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ስለ ጋሽ ፀሐዬ አለቀሰች፤ ዓይኗ ሳይቆጠቁጣት፣ ልክ እንደ ሰው።

ሰዉ ከቀብር ተመለሰ። ምግብ የለም። ከአዳራሹ ጀርባ ጭሱ ዝናቡን ሰንጥቆ ይነሣል፣ ተመልሶም በድንኳኑ ሥር ይገባል። እርጥብ ፍልጥ ነው፤ በየትኛው በኩል ተደርድሮ በየትኛው እንደሚነድ የምታውቀው እሷ ናት። ኢሊሊ እጅጌዋን ሰብስባ በቀኝ በኩል ያሉትን ድስቶች ይዛለች አሉ፤ ከጉባኤው ወዲህ ሰው እንዲታረቃት ፈልጋ ለሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሆናለች። አቶ ባጫ ካፖርታቸውን ተጠቅልለው መጡ።

«ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ሰው ተርቧል።»

«እኔም ርቦኛል አቶ ባጫ።»

«ኧረ ተዉ። የጋሽ ፀሐዬ ለቅሶ ነው። ለእርስዎ ብለው እጃቸውን ያነሡ ሰው ናቸው እኮ።»

«ለእኔ ብለው አላነሡም። ጭስ ይቅር ብለው ነው ያነሡት። እርስዎ ደግሞ ይጨስ ብለው ነው ያላነሡት። ታዲያ ማድቤቱ እዚያ ነው፣ ግራና ቀኙ ክፍት ነው። እኔ ዛሬ ለቀስተኛ ነኝ።»

አቶ ባጫ ሊቆጡ ፈለጉ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። ካፖርታቸውን አጥብቀው ሄዱ። ወደ ማድቤቱ ግን አልሄዱም። ወደ ካርታው ነው የሄዱት።

ቀጥላ የመጣችው ሃፊዛ ናት። በድንኳኑ ጫፍ ቆማ ፈለገቻት፤ እርጥብ ናት፣ ዓይኗ አይገለጥም፣ እጇ ላይ የሽሮ ፍንጣቂ አለ። ሰዉን አቋርጣ መጥታ ከፊቷ ቆመች።

«እዚህ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ ሃፊ።»

«ኢሊሊም ልጆቹም እሳቱን አያውቁትም። ሁለቱም ወገን እኔ ላይ ወድቋል።» ሳል ያዛት፣ ደረቷን ይዛ አሳለፈችው። «እኔ እጄን አንሥቼልሽ ነበር ዋጌ። እነሱ አላነሡም፣ እኔ አንሥቻለሁ። እኔን ለማን ጥለሽኝ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

ለአቶ ባጫ መልስ ነበራት። ለጉባኤው መልስ ነበራት። ለዚያ ለአርባ ሺህ ሰው መልስ አልቆባት አያውቅም። ለሃፊዛ ግን ተጠግታ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

«ተቀመጪ» አለች። «አንቺም ተቀመጪ። ይቅር፣ ጦማቸውን ይደሩ።»

ሃፊዛ የተለቀቀላትን ቦታ አየችው። ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው።  ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ድስቴ እሳት ላይ ነው» አለችና ተመልሳ ወደ ጭሱ ገባች።

ዋጋነሽ አልተነሣችም። መነሣት ማለት ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል ማለት ነው፤ መቀመጥ ማለት ደግሞ ሃፊዛ ብቻዋን ትጨሳለች ማለት ነው። ሁለቱንም አወቀች፤ አውቃ ተቀመጠች። ከጎኗ ክፍቱን ቦታ ያየ አንድ የማታውቀው ለቀስተኛ «ሰው አለበት?» ሳይል መጥቶ ዘርፈጥ አለበት። ካልሲውን ጨመቀ፣ እጁን አፍተለተለ፣ ወደ አዳራሹ ጀርባ አንጋጠጠ።

«ምነው ምግቡ ቆየሳ?» አላት።